ባዶ የተባለው ሰማይ

ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ አቧራ» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ አብረዋት ለሚኖሩት እናቷ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ሰው ልጁን አስተምሮ ሐኪም ያደርጋል፤ የኔዋ አቧራ ትፈልጋለች፣ ያውም የሰማይ» ይላሉ። እሷ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ናትና እውነትም ሥራዋ አቧራ ነው፤ ድንክ በሚባሉ ትናንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ የተበተነ፣ ከበረዶ እጅግ የባሰ ቀዝቃዛ አቧራ። ዓይን አያየውም። ኢንፍራሬድ በሚባለው የሙቀት ብርሃን ብቻ፣ እሱም በስንት መከራ፣ ይታያል።

ሰሞኑን ግን ሳቋ ጠፍቷል። ዓመታት የለፋችባት አንዲት ትንሽ ጋላክሲ አቧራ የሌላት ሆና አረፈች። ስሌቱን ደግማ ሠራችው፤ ያው ዜሮ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ በቴሌስኮፑ ማሳበብም ሞክራ ነበር። የምርምር ቡድኑ መሪ ቁርጡን ነገራት፦ «እስከ ሰኞ ምንም ካልተገኘ ቴሌስኮፑን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

ቅዳሜ እናቷ ሳሎኑን እንድትወለውል አዘዟት። ልቧ እዚያው ጋላክሲዋ ጋ ስለነበር ጠረጴዛውን ላይ ላዩን ነካ ነካ አድርጋ ጨርቁን አስቀመጠች።

«ጸድቷል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ከመደርደሪያው ጋር አስተያዪው እማዬ፣ አንድ ዓይነት ነው።»

እናቷ መደርደሪያውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው አፍንጫዋ ሥር ደቀኑላት። ጣታቸው ዐመድ መስሏል።

«እሱንስ መቼ ወለወልሽውና?»

እትዬ አቧራ ጣቱን እያየች ክው አለች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

ባዶ ሰማይም የራሱ ፍካት ስላለው፣ አቧራ ሲለካ ልማዱ፣ ከጋላክሲዋ አጠገብ ባዶ ሰማይ መርጦ የሱን ብርሃን ከጋላክሲዋ ላይ መቀነስ ነው። እሷም ከዋክብቱ የሚያልቁበትን ጥግ ባዶ ብላ ይዛ ነበር። ለካስ አቧራው ከከዋክብቱ አልፎ እዚያም ተዘርቷል። አቧራን ከአቧራ ስትቀንስ ከርማለች፤ ታዲያ ምን ይትረፋት! ራቅ ያለ ጥግ መርጣ እንደገና ቀነሰች። ፈዘዝ ያለ፣ ሰፊ ብርሃን ብቅ አለ። በሌላ ቀን በተነሳው ምስል ላይም ሞከረችው፤ እዚያም አለ። በደስታ እንባዋ መጣ።

ሰኞ መሪው ምስሉን አየና፣ «ቴሌስኮፑ ያንቺው ነው» አላት።

ማታ እንግዳ መጣ። እናቷ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። «ሰው ልጁን ሐኪም ያደርጋል። የኔዋ ግን ማንም ያላየውን አቧራ አገኘች» አሉ፣ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ።

«የመደርደሪያው ግን እስካሁን አለ።»