ማህተሙ ለቅሶ ሄዷል

ንጋት 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ጎረቤቴ ምህረት የአንድ ዓመት ልጇን አዝላ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማለች። ስታረግዝ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ከጨንቻ የወረደች ልጅ ናት፤ አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። የማታ ትምህርት ምዝገባ ዛሬ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ከድሮ ትምህርት ቤቷ ማህተም ያረፈበት መሸኛ ካላመጣች ዓመቱ አለፋት ማለት ነው። እኔ ሚስትም ልጅም የሌለኝ ሰውዬ የተጨመርኩት "ጋሼ፣ አንተን ይሰሙሃል" ተብዬ ነው።

ሁለት ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

አቧራ፣ ጉም፣ ቀርከሃ። ጉልበቴ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ዶሮ ተቀምጧል። ሾፌሩ በመስታወት አይቶን "ዛሬ ቢሮ ሰው አታገኙም፤ አገሩ ሁሉ ለቅሶ ነው" አለ።

ሦስት ሰዓት፣ ጨንቻ

"ርዕሰ መምህሩ ለቅሶ ሄደዋል" አለን ዘበኛው።

"ማህተሙስ?"

"እሱም ሄዷል። ኪሳቸው ነው የሚኖረው።"

ጸሐፊዋ መሸኛውን ጽፋ ሰጠችን። የጎደለው ያ ክብ ነገር ብቻ ነው።

አራት ተኩል፣ ለቅሶው ሜዳ

ምህረት ልጇን ይዛ ሴቶቹ ጋ ተቀመጠች። ወንዶቹ ሜዳውን እየዞሩ ያለቅሳሉ፤ ርዕሰ መምህሩም መሃላቸው ናቸው። ልጠራቸው ስል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። "መጀመሪያ ይለቀሳል። ጉዳይ ኋላ ነው።"

እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ወረቀቴን ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሟቹን አላውቃቸውም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን እናቴ ትዝ አለችኝና የምሬን አለቀስኩ። በሦስተኛው ዙር ርዕሰ መምህሩ አጠገብ ደረስኩ።

"መሸኛ ነበር" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"ለማን?" አሉ እያለቀሱ።

"ለምህረት።"

"ያቺ ሒሳብ የምትችለዋ?" ብለው ባሰባቸው።

ማህተሙን ከኮታቸው ኪስ አወጡ፤ ቀለሙ ግን ቢሮ ቀርቷል። "ሃ፣ ሃ" ብለው ተነፈሱበትና ወረቀቱን ሽማግሌው ጀርባ ላይ አድርገው መቱ። ግማሹ ብቻ ወጣ። ሽማግሌው ጎንበስ እንዳሉ "ድገመው፣ ልጅቷ ትማር እንጂ" አሉ። ተደገመ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ፣ አርባ ምንጭ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቀን፣ ከመናኸሪያው በሩጫ ደረስን። መዝጋቢዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

"ሁለት ማህተም ለምን?"

"አንዱ ለቅሶ ላይ ስለነበር ነው" አልኩ። ለካ ሁለቱም ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችኝና መዘገበቻት።

"ትምህርት ከተጀመረ ሳምንቱ ነው" አለቻት። "ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ግቢ።"

አሥራ አንድ ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ በር

"ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም" አለ የዚህኛው በር ዘበኛ።

ምህረት በሩን አየች፣ ልጇን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔው ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ልጁን አሳዘለችኝ፣ ማዘያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው፣ ደብተሯን ይዛ ሮጠች።

ዘበኛው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለልኝ። ልጁ ጆሮዬን ይጎትታል።

"ነገስ ማን ሊይዘው ነው?" አለኝ።

"እኔ" አልኩት። የደነገጥኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው።