ያለ ምስክር የፈተሽኩት ቦርሳ

መካነ ሰላም አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። በዚያ ሳምንት የተከሰሰ ሰው መብቶች ላይ ደርሰን ነበር። ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ልጆቹም ገልብጠው፣ ጮክ ብለው አንብበውልኛል።

ሐሙስ ከእረፍት ስንመለስ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች መጣች። እናቷ ከሪያድ የላከችላት ስልክ ጠፍቷል። እናቷን በአካል ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ የሚገናኙት በዚያው ስልክ ነው። በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ማን እንደነበረ ስጠይቅ ሁሉም ወደ አንዲት ልጅ ዞሩ። ከገጠር መጥታ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት። ወደ ፊት ጠራኋትና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ደብተሮች፣ አንድ እስክሪብቶ፣ በፌስታል የተቋጠረ የባቄላ ቆሎ። ስልክ የለም።

«የት ደበቅሽው?» አልኳት።

ደብተሮቿን መሰብሰብ ጀመረች። ከኋላ ወንበር ሌላ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ስትወስድ ያያት ሰው አለ?»

ቁጭ በይ ብዬ ትምህርቱን ቀጠልኩ። ማታ ግን ራት አልበላልህ አለኝ።

በማግስቱ የወነጀልኳት ልጅ አልመጣችም። በቀጣዩ ሳምንትም ቀረች። ክፍል ውስጥ «ሌባዋ» ይሏት ጀመር፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ገጠር ወላጆቿ ጋር መመለሷን ስሰማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ በከላላ አቅጣጫ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩና ወላጆቿ ቤት ደረስኩ። አባቷ አውድማ ላይ ነበሩ። ሥራቸውን ትተው፣ አስቀምጠውኝ ውሃ አስመጡልኝ። ልጃቸው ምንም አልነገረቻቸውም፤ ትምህርት የሰለቻት መስሏቸው ነበር። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ መምህር እዚህ ድረስ በእግርዎ ከመጡ ምን ይቀራል፣ አብሽሩ አሉኝ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እዚህማ ሌባ ያለኝ የለም፣ መምህር» አለች። «ይህንን እዚያው ክፍል ውስጥ ይበሉልኝ።»

አባቷ ሊቆጧት ሲሉ፣ ልክ ናት አልኳቸው።

ሰኞ ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ክፍሉ ፊት ቆሜ ያለ ማስረጃ እንደወነጀልኳት፣ ቦርሳዋን የመበርበር መብትም እንዳልነበረኝ ተናገርኩ። ያስተማርኳቸውን መጀመሪያ ያፈረስኩት እኔው መሆኔንም አልሸሸግኩም። ዓይኔን ወዴት እንደማሳርፍ ጠፍቶኝ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ፣ ታዲያ ስልኩን ማን ወሰደው ብሎ ጠየቀ። አላውቅም አልኩት። አለማወቃችን እሷን ጥፋተኛ እንደማያደርጋት ግን ደግሜ ነገርኳቸው። የስልኩ ባለቤት ወንበሯ ላይ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ስልኩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እናትየዋ ከሪያድ ለጊዜው ወደ ጎረቤት ስልክ ትደውላለች። ተወንጅላ የነበረችው ልጅ ፈተናዋን አልፋ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቆማ ግን አታወራኝም።