ቫርኒሹ ያልደረቀ መስቀል ይዤ፤ ከኮዬ ፈጬ እስከ አቃቂ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ኮዬ ፈጬ

ሰው ላሊበላ ወርዶ፣ ግሸን ወጥቶ የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተነስቼ አቃቂ እስክደርስ ስላየሁት ነው። መንገዱ ከቀና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔን ግን አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ በመሃሉም ክህነት ሳይኖረኝ ቄስ ሆኜ አረፈድኩ።

በእጄ የያዝኩት ከወይራ የጠረብኩት የእጅ መስቀል ነው። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ብረት ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብረት የታዘዘውን ይሰማል፣ እንጨት ግን የራሱ ሐሳብ አለው። ሁለቱ መስቀሎች ተሰንጥቀውብኝ ሦስተኛው በሰባት ወር አለቀ። የሚያውቁበት ሰዎች ጠርዙን ሐረግ ይስሉበታል። እኔ ሐረግ አልችልም። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን የማርሽ ጥርስ ዙሪያውን አንድ በአንድ ቀረጽኩበት። ማን እንደሠራው ስም ሳይጻፍበት የሚታወቅ ይመስለኛል።

መስቀሉ የሚሄደው ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ጻድቅ ነው። አራት ዓመት ተኳርፈናል፤ ልክ ለመናገር ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ አቃቂ እኖር ነበር። በፍልሰታ ጾም ቤቴ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እንቁላል እየጠበስኩ ደረሱብኝ። ጎረቤት እየሰማ፣ «ደምሴ፣ ንስሐ የምሰጠው ለአንተ ነው ለዶሮዋ?» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እፍረቴ ቁጣ ሆነና ጸበሉን እንደያዙ በሩን ዘጋሁባቸው። ከሰው መጣላት ያለ ነው፤ ጸበል ይዞ በመጣ ሽማግሌ ላይ በር መዝጋት ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እያፈርኩ፣ መስቀሉ ይለቅ እያልኩ ቆየሁ። ሐሙስ ዕለት የድሮ ጎረቤቴ ደውላ፣ አባ ከመነኮሱ ወዲህ ያሰቡት ደርሶ እሁድ ጠዋት ጠቅልለው ወደ ገዳም እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ያለኝ ቀን ዛሬ ብቻ ነው።

በጥድፊያ ትናንት ማታ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንዲያምር ብዬ ሦስት ጊዜ ደራረብኩት። ጠዋት በፌስታል ልጠቀልለው ስል ፌስታሉ ተጣበቀበት፤ አልደረቀም። ያለኝ አማራጭ እጀታውን በሶፍት ይዤ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ከፊቴ ቀጥ አድርጌ መውጣት ነበር።

ስለ አለባበሴም ልናገር። ብርድ ስለሆነ ነጭ ጋቢ ደርቤያለሁ። ራሴ መላጣ ስለሆነ ጥቁር የክር ቆብ አድርጌያለሁ። ምላጭ ቆዳዬን ስለሚያሳክከኝ ደግሞ ጺሜ ደረቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ በር ላይ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ዛሬ ሰው ታሳስታለህ አለችኝ። እንደ ልማዴ አልሰማኋትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ የሕንፃው በር

የሕንፃችን ጥበቃ አዲስ ሰው ነው፣ አያውቀኝም። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለና አፌን ሳልከፍት ግንባሩን መስቀሉ ላይ አሳረፈ። ቀና ሲል ግንባሩ መሃል ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቶለታል። መስቀሉም ላይ የግንባሩ ቆዳ ከነሽብሽቡ ታትሟል።

የእጅ መስቀል የካህን ነው። ምእመን በአንገቱ ያስራል እንጂ በእጁ ይዞ ሰው አያሳልምም። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ ስለዚህም መስቀል የያዘ ባለጺም ሲያይ ቄስ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጥበቃው ቄስ አለመሆኔን ነገርኩት። እሺ አባ አለኝ።

አንድ ሰዓት፤ ሚኒባስ ውስጥ

ረዳቱ «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ» እያለ ይጣራል። እኔን ሲያይ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነስቶ ወደ ኋላ ሰደደውና ቦታውን ሰጠኝ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፣ የወሎ ሰው ነው፤ ፊቱ ሳቂታ፣ መሪውን በአንድ እጅ የሚይዝ። ከኋላ ወንበር ባላገኙ ሰዎች ላይ ሌሎች ሦስት ተጨምረው መኪናው አንድ ጎኑን ዘመም ብሏል። ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ታየ።

«አባ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ» አለኝ ሰይድ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ትራፊኩ ግን ክርስቲያን ነው። መስቀሉን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ።»

«ልክ ነዎት። እኔም ትርፍ አልጫንኩም።»

ትራፊኩ ፊሽካውን ነፋ፣ ደብተሩን አውጥቶ መጣ። በሰይድ በኩል ሊናገር ሲጎነብስ እኔን አየ። ደብተሩ ኪስ ገባ፣ ኮፍያው ወለቀ፣ በእኔ መስኮት ዞሮ አንገቱን አስገባና ተሳለመ። አፍንጫው ጫፍ ላይ ቫርኒሽ ይዞ ተመለሰ። ሰይድን አባን ቀስ ብለህ አድርሳቸው ብሎ አሳለፈን። ሰይድ የመኪና ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ ይልቅ በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት አብሬው ለመሄድ ይመቸኝ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ።

እኔ በበኩሌ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር። እጄን አላንቀሳቀስኩም። ባርኬያለሁ አላልኩም። እነሱ ናቸው መጥተው የሚነኩት። አባ ዘንድ ስደርስ ይህን ልዩነት አስረዳለሁ ብዬ ልቤን አጽናናሁት።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ ቂሊንጦ

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ የወጡ ልጃገረዶች መንገዱ ዳር ተኮልኩለዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፀጉራቸው ላይ የጨርቅ ብናኝ አለ። በቂሊንጦ ከወረዱት ሰዎች ፋንታ ሦስቱ ገቡ። አንዷ ከኋላዬ እንደተቀመጠች አየሩን ሳብ አደረገችና ለጓደኛዋ «ሜሮን ይሸተኛል» አለቻት።

አሁንስ በዛ። ዞር ብዬ ለመኪናው ሁሉ ተናገርኩ። ቄስ እንዳልሆንኩ፣ መነኩሴም እንዳልሆንኩ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉኝ፣ የሚሸተው ከሱቅ የተገዛ ርካሽ ቫርኒሽ እንደሆነ ዘርዝሬ አስረዳሁ። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አየሽ፣ እውነተኞቹ እንዲህ ነው ራሳቸውን የሚደብቁት» አለች።

እዚህ ላይ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። በአገራችን እውነተኛ መናኝ መናኝ ነኝ አይልም። ስለዚህ በካድኩ ቁጥር ማዕረጌ ከፍ እያለ ሄደ። ዝም ብል ተራ ቄስ ነበርኩ፤ ተናግሬ ባሕታዊ ሆንኩ። ቃሊቲ ስንደርስ ልጃገረዶቹን ጨምሮ ዘጠኝ ተሳፋሪ በጋቢናው በር በኩል ተሰልፎ እየተሳለመ ወረደ። ከጥበቃውና ከትራፊኩ ጋር አሥራ አንድ መሆናቸው ነው። መስቀሌ ላይ የግንባር፣ የአፍንጫና የከንፈር ቅርጽ ተደራርቧል፤ የሰባት ወር ሥራዬ በአንድ ጠዋት ተበላሸ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ቃሊቲ

የአቃቂውን ታክሲ ለመያዝ በማረሚያ ቤቱ አካባቢ በእግሬ አለፍኩ። ቅዳሜ ጠያቂ ይበዛል። በየኪዮስኩ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ ሙዝ ተደርድሯል። ዳቦ አሥር ብር፣ ሻይ አሥራ አምስት ብር። አንድ የስልጤ ባለሱቅ ምን እንደቸገረኝ ሲጠይቀኝ ምልክቱን የማጠፋበት ስስ ብርጭቆ ወረቀት እንዳለው ጠየቅሁት። የለም፣ ግን ፀሐይ ላይ ቢቆይ ይደርቃል ብሎ በርጩማ አውጥቶ ሰጠኝ። መስቀሉን ፀሐይ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሞኝነቴ ይታያችሁ፤ የጠያቂ ሰልፍ ፊት ለፊት መሆኑ ነው።

አንዲት ስልሳ የሚሆናቸው እናት ስንቃቸውን በነጠላ ቋጥረው መጡ። እንደ ሌሎቹ አልተጣደፉም። ቋጠሮውን መሬት አስቀምጠው ፊቴ ቆሙ።

«አባ፣ ልጄ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። «አላይሽም ብሎኛል። አፍሮ ነው። ሁለት ጊዜ መጥቼ ስንቁን ብቻ ሰጥቼ ተመለስኩ። እንዲፈታ አይደለም የምለምነው፤ ዛሬ ወጥቶ ፊቱን እንዲያሳየኝ ነው።»

ጠዋቱን ሙሉ የደጋገምኩትን ዓረፍተ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። አፍሮ በር የዘጋ ሰው እኔም አውቃለሁ። ቄስ አይደለሁም ብላቸው እኚህ ሴት ከእኔ ወዴት ይሄዳሉ? ሰልፉ ተጀምሯል፣ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ የለም።

ተነሳሁ። እጄን አንቀሳቀስኩ። መስቀሉን ግንባራቸው ላይ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ላይ አሳረፍኩና «እግዚአብሔር የልጅዎን ፊት ያሳይዎት» አልኩ። አሜን አሉ፣ ቋጠሯቸውን አንስተው ወደ ሰልፉ ሄዱ። ባለሱቁ ሁሉንም ነገር አይቷል፤ ሻይ አምጥቶ ሰጠኝ። ከዚህ በኋላ ለአባ የማስረዳው ልዩነት የለም። ይቅርታ ልጠይቅ የምሄድ ሰው በመንገዴ ላይ ሌላ ጥፋት፣ ያውም አውቄ፣ ጨምሬ ሄድኩ።

አራት ሰዓት፤ አቃቂ

ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል። አባ ወልደ ጻድቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ጥድ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው አብጧል። ከሩቅ ነጩን ጋቢና መስቀሉን ሲያዩ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ በብዙ መከራ ተነሱ። ይቅር ብለውኝ የተነሱ መሰለኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አባቴ» አሉኝ። «ከየትኛው ገዳም ነዎት?» ብለውም ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ።

መስቀሉን ወደ ኋላዬ ደብቄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ደምሴ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «የእንቁላሉ ደምሴ?»

አዎ አልኩ። ስለ በሩ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው፤ አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁለት ቃል ሆኖ አለቀ። እሳቸው አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «እኔ ያን ዕለት ግቢውን ሳልወጣ ይቅር ብዬሃለሁ። የዘገየኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ አለቀስኩ።

መስቀሉን ስሰጣቸው በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ይህ ምን ሐረግ ነው አሉ። የማርሽ ጥርስ ነው አልኩ። ወይ አንተ ብለው ደጋግመው ዳሰሱት። ከዚያ ጣታቸው መሃሉ ላይ ቆመ። «ይህስ የማን አፍንጫ ነው?»

የትራፊኩ ነበር። ከጥበቃው ጀምሬ ተናዘዝኩ። ትራፊኩ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ ሰይድ ትርፍ አልጫንኩም ያለው ላይ ስደርስ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። መስቀሉ ገና አልተባረከም፣ እንጨት ነው ብዬ ለመከላከል ሞከርኩ። ለእነሱ መስቀል ነበር አሉኝና ሳቃቸው ቆመ። ለአሥራ አንዱ ለእያንዳንዳቸው አርባ አርባ ስግደት ፈረዱብኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ስለማይሰገድ ከሰኞ ጀምሮ። ወገቤን ያመኛል አልኩ። እንቁላል ስትጠብስ አላመመህም ነበር አሉ። ምልክቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ላጥፋልዎት ብላቸው እንዳልነካው ከለከሉኝ፤ እንዳለ ገዳም ይዘውት ሄደው እዚያ ያስባርኩታል።

የእናትየዋን ነገር መጨረሻ ላይ አድርጌው ነበር። ነገርኳቸው። እጄን ራሴ እንዳነሳሁ፣ አውቄ እንዳደረግሁት፣ ምን ብዬ እንደባረክሁ አልደበቅሁም። አባ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ልጁ ወጣላት?»

«አላውቅም አባ። ሳላይ መጣሁ።»

ለእናትየዋ ስንት ስግደት እንደሚያዙብኝ ጠየቅሁ። የባሰውን ጠብቄ ነበር። አባ ያበጠውን ጉልበታቸውን በእጃቸው አሻሹ።

«የእሷን ለእኔ ተወው» አሉ። «እኔ እሰግድላታለሁ።»