አንድ ጊዜ ብቻ ያገቡት አባቴ

እናቴ ስትሞት አባቴ ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ቄስ ነበሩ፤ ቄስ ደግሞ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ስለዚህ ጓሳ አፋፍ ላይ ባለችው ቤታችን እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። ራት ስንጨርስ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እህታቸው፣ አክስቴ፣ ሦስት ጊዜ አግብታለች። የመጀመሪያው ባሏ ይደበድባት ነበርና ጥላው ወጣች። ሁለተኛው ሞተባት። ከሦስተኛው ጋር ልጅ ስላልወለዱ በሽማግሌ ተፋቱ።

አዲሱ የቤተሰብ ሕግ በወጣ ሰሞን ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣና ቀበሌው ግቢ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ልሄድ እየተሰናዳሁ ነበር። ባለሙያው ስለ ጋብቻ ዕድሜና ስለ ንብረት ክፍፍል አስረድቶ "ጥያቄ ካለ" ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

"መንግሥት ይኼን ሁሉ ከደነገገ አይቀር፣ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚያገባም ይወስንልን። ሁለት ጊዜ ይበቃል። ዛሬ ሰማንያ ሲያስሩ፣ ነገ ሲያፈርሱ መሬቱ ተቆራርሶ አለቀ። ልጁም በእንጀራ አባት እጅ ሲንከራተት ያድጋል።"

"እውነት ነው" ያለው ብዙ ነው። አንዳንዱ ዞሮ አክስቴን አያት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"ከአንደኛው ዱላ፣ ከሁለተኛው ሐዘን ነው የደረሰኝ። እዚያው ላይ ቁሚ ነው የምትሉኝ?"

ባለሙያው ሳይመልስ አባቴ እጃቸውን አነሡ። ሽማግሌውን ይደግፋሉ ብዬ ነበር።

"እኔን ሥርዓቱ አንድ ብሎ ወስኖኛል" አሉ። "ወድጄ የገባሁበት ነው፤ አላማርርም። የልጆቹ ነገር እውነት ነው፤ ለእነሱ ድርሻ ይቀመጥላቸው። ግን ብቻውን የሚያድር ሰው ቤት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት አድሬበታለሁ። ማንም ሰው በግድ እንዲገባበት አልፈርድም።"

ተቀመጡ። እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አየሁ። አሥራ አንዱንም ዓመት አብሬያቸው ነበርኩ። ብቻቸውን እንደነበሩ ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ባለሙያው ሕጉ ቁጥር እንደማይገድብ፣ የቀድሞው ጋብቻ መፍረሱ እንደሚበቃ ተናግሮ ስብሰባው ተበተነ። አክስቴ ገብሱ ታጭዶ እንዳለቀ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ገበሬ አገባች። እስከ ዛሬ አብረው ናቸው።

እኔ ሥልጠናዬን ጨርሼ መርሐቤቴ ውስጥ ባለችው ዓለም ከተማ ተመደብኩ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ስሄድ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ከእናቴ በኋላ ያሰቧት ሰው ነበረች?"

"ነበረች" አሉ። "ክህነቱን ልተወው ብዬ ዓመት ሙሉ አሰብኩ። እሷም ጠብቃኝ ነበር። በኋላ መርሐቤቴ ሄዳ አገባች።"

"ለምን አልተዉትም?"

"ቃሌን ፈራሁ። አንቺም ትንሽ ነበርሽ፤ የእንጀራ እናት ፈራሁልሽ።"

ስሟን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ አላገባሁም። በገበያ ቀን ዓለም ከተማ ውስጥ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሳገኝ ሰላምታዬን ረዘም አደርገዋለሁ፤ "የየት አገር ልጅ ነሽ?" ብለው ቢጠይቁኝ ብዬ።