ዋዜማው የማይታወቅ በዓል

ከልጄ አባት ጋር ስንለያይ ፍርድ ቤቱ ልጅቷ መካነ ሰላም ከእኔ ጋር ሆና እንድትማር ወሰነ። እሱ ወረኢሉ ከብት ይነግድ ነበር። አረፋን ከእኔ፣ የረመዳንን ኢድ ከእሱ ጋር እንድትውል ተባለ። ዳኛው «በዋዜማው ይረከባት፤ በበዓሉ ማግስት ይመልሳት» ብለው አነበቡ። ሁለታችንም እሺ ብለን ወጣን። ጨረቃ ካልታየች የኢዱ ዋዜማ እንደማይታወቅ ማናችንንም ትዝ አላለንም።

እኔን ትዝ ያለኝ ጾሙ ሊያልቅ ሲል ነው። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ብማርም ውሳኔውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ቀኑ ሳይታወቅ ብሰጠው ቀኑ ይምታታል፣ በዚያው ያስቀራታል ብዬ ፈራሁ።

ጨረቃ በምትጠበቅበት ቀን አባቷ በሚያውቀው ሹፌር የጭነት መኪና መጣ። መኪናው ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። እኔና ልጄ በምንኖርበት በአጎቴ ቤት ደጃፍ ላይ ተገናኘን።

«ልጄን ስጪኝ።»

«ጨረቃ ትታይና።»

«ከታየች በኋላ በምን ልወስዳት ነው? በበሬ?»

«ዳኛው በዋዜማው ነው ያሉት።»

«ዳኛውማ እንደ ገና በዓል ቀኑ የተቆረጠ መስሏቸው ነው!»

ቁርአን የሚያስቀሩት አጎቴ ጩኸታችንን ሰምተው ወጡ።

«አንተ መኪናውን ስደደው። እዚህ አፍጥር። ከታየች ነገ እዚሁ ሰግዳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ካልታየችም ጠዋት ይዘሃት ትሄዳለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ልጅቷን ለቀቅ አድርጊያት፤ እጇን አሳመምሻት።»

ለካ ጨብጬ ይዣት ነበር።

«እሺ ሸህዬ» አለ እሱ፤ መኪናው ሲሄድ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ማታ ሬዲዮው ጨረቃ መታየቷን ተናገረ። ጠዋት አዲስ ቀሚሷን አለበስኳትና ከአባቷ ጋር ወደ ሶላቱ ሜዳ ሄደች። ከሶላት መልስ ወደ ወረኢሉ የሚሄድ አይሱዙ አገኙ። ጋቢና ውስጥ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ስታወራው አንዴም ወደ እኔ አላየችም። የኢዱ ግማሽ እዚህ ስላለቀበት ሌላ ቀን ልጨምር ቢልስ እያልኩ ሳሰላስል ዋልኩ። የቀረበልኝን ሥጋ እንኳ አልቀመስኩም።

በማግስቱ ገና በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ። እኩለ ቀን ላይ መጡ። የቀሚሷ ጠርዝ በእበት ተለውሷል።

«ምን አድርገሃት ነው?» አልኩት።

«ከጥጃ ጋር ስትሯሯጥ ነዋ። ዳኛው ስለ ቀሚስ ምንም አላሉም» ብሎ እጇን በእጄ ላይ አደረገልኝ።

በሚቀጥለው ረመዳን ማብቂያ ላይ፣ ጨረቃ በምትጠበቅበት ቀን፣ ማንም ሳይጠራው ለማፍጠር አጎቴ ቤት መጣ።