የሟቿ ኦርጋን ድምፅ

በመተማ ገበያ ጫፍ፣ ራዲዮና ፋኖስ በሚጠገንባት በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ጀይሉ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ዕድሜው ሃምሳን ሊረግጥ ጥቂት የቀረው፣ ከገዛ እጁ በቀር የሚያምነው ያልነበረው ሰው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ለሌላው ተረት ሊሆን ይችላል፤ ለጀይሉ ግን የዕለት ስንቁ ነበር። ታናሽ ወንድሙን «ለጥያቄ እንፈልግሃለን» ብለው ከሱቁ ደጃፍ ከወሰዱት ወዲህ፣ ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ ከሰላምታው በስተኋላ ያለውን ለማየት አንገቱን ያሰግግ ነበር።

እንጀራው ጥገና ይሁን እንጂ ስሙ የገነነው በሠርግ ነበር። ጣሊያን ሠራሽ የሆነች አሮጌ ኦርጋን ነበረችው። ሰሊጥ ተሰብስቦ ድግስ በሚደገስበት ወራት፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ፣ እርሷ በጭነት መኪና ተጭና ሳትደርስ ሙሽራ ከቤቱ አይነሣም ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ክዳኗን ቢያነሣ ግን ምስጥ ሆድ ዕቃዋን ጨርሶ ቅርፊቷን ብቻ ትቶለት ተገኘ። ለዓመታት ከእርሷ ጋር የዘፈነችው ባየሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለኦርጋኗ ለቅሶ ተቀመጠች። አገሩ ሳቀ። ጀይሉ አልሳቀም።

በ፲፱፻፸፰ ዓመተ ምሕረት አብዱልሀኪም የሚባል ወዳጁ፣ የድንበር ነጋዴ፣ ከገዳሪፍ ሲንተሳይዘር የሚሏትን የኤሌክትሪክ ኦርጋን አመጣለት።

«ያ ዞል፣ ወዳጄ፣ ይህች የማንንም ድምፅ ታወጣለች። አንተ ብቻ አስተምራት» አለው።

ጀይሉም ቀረጡን ከፍሎ ተረከበና የሟቿን ኦርጋን ድምፅ ሊያስተምራት ተቀመጠ። ወሬው ግን ከድምፁ ቀድሞ ከከተማው ካድሬ ከጓድ ሙሉአለም ጆሮ ገባ። ጓድ ሙሉአለም ሰጠኝ የሚባለውን የቀበሌ ጥበቃ አስከትሎ መጣና በሱቁ በር ላይ ቆመ።

«የማንንም ድምፅ ታወጣለች አሉ። እውነት ነው?»

«የዕቃ ድምፅ ነው፣ ጓድ። ዋሽንት፣ ክራር፣ ኦርጋን።»

«ክራር የቻለች ሳይረን ያቅታታል? የሰውስ ድምፅ? የእኔስ?»

«የእርስዎን ድምፅ ማን ይደፍራል፣ ጓድ?»

ሰጠኝ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው ግን አልሳቀም።

«ወዲያ ሱዳን ነው፤ ወዲህ ጫካው ወንበዴ ነው። ከዚህ የሚወጣውን ማን እንደሚሰማው አናውቅም። በመስከረም ሁለት በዓል ፊታችን ትጫወታለህ። የሟቿን ድምፅ ካወጣህ የሙዚቃ ዕቃ ናት። ካላወጣህ ግን የመጣችው ለሌላ ሥራ ነው ማለት ነው፤ እርሷን እንወርሳለን፤ አንተን ለጥያቄ እንፈልግሃለን።»

ያቺን ቃል ጀይሉ ያውቃታል። ወንድሙን የወሰደችው እርሷ ናት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቁልፎቹን እየገፋና እየሳበ፣ የሟቿን የአፍንጫ ቃና፣ ከመጮኋ በፊት የምታሰማውን ትንፋሽ፣ መጨረሻ ላይ የሚይዛትን መንቀጥቀጥ አንድ በአንድ ለቀመ። ዳኛዋ ባየሽ ነበረች። አንድ ማለዳ የሙሽራ መቀበያውን እያዜመች አዳመጠችና፣ «እርሷው ናት፤ አፈር ስሆን አትንኳት» አለች። በማግሥቱ የመሸኛውን ዘፈን አነሣችና ፊቷን አጨፈገገች።

«ይህችማ አይደለችም። ከፍ ብላለች።»

«ትናንት እርሷው ናት አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እኔ አልነካኋትም።»

«እንግዲያ እኔ ምን ላድርግዎ፣ አያ ጀይሉ? የሰማሁትን ነው።»

ዝቅ አደረጋት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በመቀበያው «ሞታለች» አለችው። ጀይሉ እጁን ከቁልፎቹ አነሣ። ባለፈው ሳምንት ይህችን ሴት ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ከሰጠኝ ጋር ስታወራ አይቷታል። በበዓሉ ቀን በካድሬው ፊት እንዲዋረድ ዛሬ የሰጠችውን ነገ እየነሣች የምታደክመው ተልካ ብትሆንስ? በሩን ዘጋባት።

ባየሽ ከውጭ ቆርቆሮውን መታች።

«ከሰጠኝ ጋር ምን ታወሪ ነበር?» አላት ሳይከፍት።

«የአክስቴ ልጅ ነው። ዱቄት አሸከምሁት። ደግሞ ለዚህ ነው የዘጉብኝ?»

«ድምፁን ለምን ታለዋውጪብኛለሽ?»

«የመሸኛው ዘፈን ዝቅ ካላለ አይሆንልኝም። ሠርግ ላይ ሁልጊዜም ሲመሽ ጉሮሮዬ ይወርዳል። ያረጀሁ እየመሰለኝ ለሰው አልተናገርሁም» አለች።

ጀይሉ በዝግ በር ጀርባ እንደ ቆመ ጆንያው ትዝ አለው። የቆላው ሙቀት ኦርጋኗን እንዳይጎዳት፣ ሾፌሮች የውሃ ጀሪካናቸውን እንደሚያለብሱት፣ ጀርባዋን ሁልጊዜ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍናት ነበር። ጠዋት ጆንያው እርጥብ ነው፤ ድምፅዋ ከፍ ይላል። ፀሐይ ጆንያውን እያደረቀችው ስትሄድ ኦርጋኗ ትግላለች፤ ድምፅዋም እንደ ደከመ ሰው ይወርዳል፤ ዘፋኟ ሳታውቅ አብራት ትወርዳለች። የሟቿ ድምፅ አንድ አልነበረም፤ ከጠዋት እስከ ምሽት የሚወርድ ቁልቁለት ነበር። ባየሽ መቀበያውን ከነጠዋቱ፣ መሸኛውን ከነምሽቱ ነበር የምታስታውሰው። በሩን ከፈተላት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።

በበዓሉ ቀን በቀኝ እጁ እየተጫወተ፣ በግራው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር፣ የሲንተሳይዘሯን የቃና ማዞሪያ በፀጉር ስፋት ያህል ቁልቁል ያዞረው ጀመር። አደባባዩ ተናወጠ። ሽማግሌዎች «ሟቿ ተነሣች» ተባባሉ። የጓድ ሙሉአለም ትከሻ ሳይታወቀው ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ግራ እጅህ ምን ይሠራል?»

ጀይሉ ስለ ጆንያው አስረዳ። ካድሬው እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ድምፅዋ የሟቿ ነው፤ አልክድም። ውሰዳት። ማዞሪያዋ ግን አላማረኝም። የራዲዮ ጣቢያም የሚፈለገው እንዲሁ እየተዞረ ነው።»

በማዞሪያዋ ላይ ቀይ ሰም ፈሰሰባት፤ የቀበሌው ማኅተምም ተመታበት። ሰሙን የሰበረ ምን እንደሚጠብቀው የነገረው አልነበረም፤ መንገርም አላስፈለገም።

በጥር ወር ሽንፋ ላይ ሠርግ ተጠራ። ሰሙን እንዲጠብቅ የተላከው ሰጠኝ ጠመንጃውን አንግቶ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ረፋዱ በሰላም አለፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን የባየሽ ድምፅ ወደ ታች ወረደ፤ የማሽኗ ድምፅ ከላይ ቀረ። ሁለቱ ድምፆች እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ይጓተቱ ጀመር። የሙሽራዋ እናት ፊቷን አዞረች። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ጀይሉ ደነቆረ እንዴ?» አለ።

ባየሽ እየዘፈነች ቀረበች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋችና ጀርባዋን ለሰጠኝ ሰጥታ በማሽኗና በእርሱ መካከል ቆመች። ዓይኖቿ ግን በጀይሉ ግራ እጅ ላይ ነበሩ። ከአክስቷ ልጅ ዓይን ልትከልለው ነው ወይስ እጁን አይታ ልትመሰክርበት የቀረበችው? ፊቷን መረመረ፤ ከዘፈኑ በቀር ያነበበው ነገር አልነበረም።

የአውራ ጣቱን ጥፍር ከሰሙ ሥር ሰደደ። ሰሙ ተሰነጠቀ። ድምፁ ወረደ፤ ባየሽንም አገኛት፤ ዳሱ በእልልታ ተሞላ። ጀይሉ ዓይኑን ከእርሷ ሳይነቅል ማዞሩን ቀጠለ።