ከሸራው ጀርባ

ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቴን የተከራየው ተማሪ የዘይት ቀለም ሲከፍት፣ ሽታው ወደ አይከል ገበያ መለሰኝ። ልጅ ነበርሁ። አንድ ሠዓሊ ገበያተኛውን እንዳለ ሲሥል፣ ጌሾ የምትሸጠውን እናቴን ከጎን ሣላት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ኃጢአተኛው ነውና እናቴ ደነገጠች።

«ምነው አያ፣ ምን በደልሁህ? ሁለተኛውን ዓይኔን ሣልልኝ እንጂ!»

«እሱማ በወዲያኛው ጎን ነው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀባት።

እሷ የምሩን መስሏት ከሸራው ጀርባ ዞረች፤ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እውነቱን ነው፣ ዓይኔ እዚያ አለ። ያየኛል» አለች።

ሠዓሊው ሳቁን ትቶ፣ ፊት ለፊት አድርጎ እንደገና ሣላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እናቴ ስትተኛ አንድ ዓይኗ አይከደንም ነበር።

ዛሬ ሸምግዬ እንኳ ከሸራ ጀርባ አልዞርም።